የጥርስ ሐኪም ደንበኛሽ ሲሆኑ፦ ከድረ ገጹ በፊት ስልኩን አድምጪ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለምግብ ቤቶች፣ ለጉዞ ወኪሎችና ለትናንሽ ሱቆች ድረ ገጽ እሠራለሁ። በቅርቡ አንዲት ኢትዮጵያዊት የጥርስ ሐኪም ድረ ገጻቸውን እንዳድስላቸውና ማስታወቂያቸውንም እንድይዝላቸው ጠየቁኝ፤ ሥራዬን ከወደዱት ለሌሎች ሐኪሞችም እንደሚያስተዋውቁኝ ነግረውኛል። ‹ጉግል ላይ አንደኛ አድርጊኝ› ይላሉ፤ ለምልከው ኢሜይል ግን መልስ አይሰጡም። ከምን ልጀምር? እንዴትስ ላስከፍል? ለጥርስ ሐኪሞች ብቻ መሥራት ያዋጣል? በተጨማሪም አንድ ታካሚ ጉግል ላይ መጥፎ አስተያየት ጽፎባቸው መልስ እንዳዘጋጅላቸው ጠይቀውኛል።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ከጥያቄሽ መጨረሻ ልነሳ፤ አደጋው ያለው እዚያ ነውና። ለዚያ ታካሚ እስካሁን መልስ ካልጻፍሽ አትጻፊ። ዶክተሯም በንዴት ተነሥተው ራሳቸው እንዳይጽፉ ዛሬውኑ ደውለሽ ንገሪያቸው።

በአሜሪካ የታካሚን ምስጢር የሚጠብቀው፣ በተለምዶ «ሂፓ» የሚባለው የ1996 ሕግ፣ ታካሚው የራሱን ጉዳይ አደባባይ ቢያወጣውም ሐኪሙ ዝም እንዲል ያስገድዳል። ታካሚው ስሙንና ፎቶግራፉን አስቀምጦ «ጥርሴን አበላሹብኝ፤ ከልክ በላይም አስከፈሉኝ» ብሎ መጻፍ ይችላል። ክሊኒኩ ግን «የመጡት ለጥርስ ሥር ሕክምና ነበር፤ ገንዘቡ የበዛው ኢንሹራንስዎ አልሸፍንም ስላለ ነው» ብሎ ከመለሰ፣ ነገሩ እውነት ቢሆንም ሕግ ጥሷል። «እርስዎን በማከማችን ደስ ብሎናል» የሚል የትሕትና ቃል እንኳ ሰውየው የክሊኒኩ ታካሚ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። የፌዴራሉ የጤና መሥሪያ ቤት ይህን በዝምታ አያልፈውም። በ2019 በዳላስ የሚገኝ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ዬልፕ በሚባለው የደንበኞች አስተያየት መስጫ ድረ ገጽ ላይ ለተጻፈበት አስተያየት የታካሚውን መረጃ ጠቅሶ በመመለሱ 10,000 ዶላር ከፍሏል። በ2022 በሰሜን ካሮላይና አንድ የጥርስ ክሊኒክ 50,000 ዶላር ሲቀጣ፣ በዚያው ዓመት በካሊፎርኒያ ሌላው 23,000 ዶላር ከፍሏል። ሦስቱም የጥርስ ክሊኒኮች ናቸው፤ የሦስቱም ጥፋት ኢንተርኔት ላይ ለተጻፈ አስተያየት የሰጡት መልስ ነው። የጥርስ ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ስም የሚሠራ ሰው ስለሆነ ስሙ ሲነካ ዝም ማለት ይከብደዋል። ያንን ስሜት አክብሪው፤ እጃቸው ግን ወደ መጻፊያው እንዳይሄድ የምትከለክይ አንቺ ሁኚ።

መልስ የግድ ከሆነ እንዲህ ያለ ይሁን፦ «የሰዎችን የጤና ምስጢር ስለምንጠብቅ በዚህ ገጽ ላይ ስለማንም ሕክምና አንናገርም። ቅሬታ ያለው ማንኛውም ሰው ቢደውልልን የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ ራሳቸው ያነጋግሩታል።» ሰውየው መጣ፣ አልመጣም የሚል ፍንጭ እንደሌለው ልብ በይ። ከዚያ በኋላ ዋናው ሥራ የክሊኒኩ ነው፤ ታካሚውን በስልክ አግኝቶ ችግሩን መስማት። ሰው በትክክል ሲደመጥ አስተያየቱን ራሱ ሲያነሣ ወይም ሲያስተካክል በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ለመልካም አስተያየትም ደንቡ ያው ነው፤ «ለመልካም ቃልዎ እናመሰግናለን» ይበቃል፤ ስለ ጥርሱ አንድም ቃል አይጨመር።

አሁን ወደ ኢሜይሉ። ዶክተሯ መልስ የማይሰጡሽ ንቀውሽ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ጓንት አጥልቀው፣ ሁለት እጃቸውን ሰው አፍ ውስጥ አድርገው የሚውሉ ሰው ናቸው። በአንዱ ታካሚና በሚቀጥለው መካከል ያለችው ጊዜ ደግሞ ራጅ ለማየት፣ የንጽሕና ባለሙያዋ ያጠበችውን ጥርስ ለመመርመርና ማስታወሻ ለመጻፍ እንኳ አትበቃም። ረጅም ኢሜይልሽ ማታ ደክሟቸው ሲከፍቱት የሚያዩት የመጀመሪያው ነገር ርዝመቱ ነው። በአንድ መልእክት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂ፤ «ይህኛው ፎቶ ወይስ ያኛው?» ዓይነት፣ በአንድ ቃል የሚመለስ። ለሚበዛው ነገር ደግሞ ትክክለኛዋ ሰው የቢሮው ሥራ አስኪያጅ ናት። በብዙ ክሊኒኮች የሐኪሙ ባለቤት ወይም ከመጀመሪያው ጀምራ የኖረች ሠራተኛ ናት፤ የትኛው ኢንሹራንስ እንደሚዘገይ፣ የትኛው ቀን ባዶ እንደሚሆን፣ ያለፈው ድረ ገጽ ሠሪ ለምን እንደተባረረ ሁሉ የምታውቀው እርሷ ናት። እርሷን አልፈሽ ከሐኪሟ ጋር ብቻ ከተዋዋልሽ ሥራሽ በየሳምንቱ ይቆማል። ከዶክተሯ ጋር መቀመጥ ሲያስፈልግ ከመጀመሪያው ታካሚ በፊት ባለው ጠዋት ወይም ታካሚ በማይቀበሉበት ቀን ቀጠሮ ያዢ። ብዙ የጥርስ ሐኪሞች ዓርብን ለወረቀት ሥራ ይተዉታል።

ከምን ልጀምር ላልሽው መልሴ አጭር ነው፤ ከስልኩ። አዲስ ታካሚ ማስታወቂያውን ያያል፣ ድረ ገጹን ይከፍታል፣ ከዚያ ይደውላል። በሥራሽ ላይ የሚፈረደው ስልኩን ያነሣችው ሰው በምትለው ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት አንድ ክሊኒክ እንግዳ መቀበያ ውስጥ ተቀምጬ ያየሁትን ልንገርሽ። አንዲት ልጅ ብቻዋን ጠረጴዛው ላይ ነበረች። ፊት ለፊቷ አንድ አረጋዊ የኢንሹራንስ ካርዳቸውን ከቦርሳቸው እየፈለጉ ነው፤ ከጀርባዋ የንጽሕና ባለሙያዋ «የሚቀጥለው ሰው ደርሷል?» ትላለች፤ ስልኩ ይጮሃል። ልጅቷ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ይዛ «እባክዎ ትንሽ ይጠብቁ» ብላ ቁልፉን ተጫነች። ሌላ መስመር ጮኸ፤ እርሱንም አስጠበቀች። ወደ መጀመሪያው ስትመለስ መስመሩ ተቋርጧል። ሦስተኛው ደዋይ ሲገኝ «ኢንሹራንሴን ትቀበላላችሁ?» ሲል ጠየቀ፤ «ኔትወርኩ ውስጥ የለንበትም» አለችው (ከዚያ ኢንሹራንስ ጋር የዋጋ ውል የለንም ማለቷ ነው)፤ ስልኩ ተዘጋ። ሁሉም በቅንነት የተሠራ ሥራ ነው፤ ልጅቷ ላይ የምጠቁመው ጣት የለም። ነገር ግን ከኋላ ክፍል ያሉት ሐኪም ለጉግል ማስታወቂያ በየጠቅታው እየከፈሉ «ማስታወቂያው አይሠራም» የሚል እምነት ይዘዋል። ማስታወቂያው ሠርቷል፤ ሰዎቹ ደውለዋል።

ስለዚህ አንድም ገጽ ከመንደፍሽ በፊት በተለያየ ሰዓት ደውይ። በምሳ ሰዓት ደውይ፤ ሠራተኛ ሰው የሚደውለው ያኔ ነው፣ ብዙ ክሊኒኮች መልስ መስጫ ማሽን የሚከፍቱትም ያኔ ነው። ከሥራ ሰዓት በኋላ ደውለሽ ማሽኑ የሚለውን ስሚ፤ የዛሬ ሁለት ዓመት የበዓል መልእክት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ያገኘሽውን ለሥራ አስኪያጇ በግል ንገሪ፤ በሠራተኞች ፊት ወይም ለሐኪሟ በክስ መልክ አይሁን። መፍትሔው ብዙ ጊዜ ርካሽ ነው፦ የምሳ ሰዓትን በፈረቃ ማድረግ፣ ላመለጠ ጥሪ በቶሎ መልሶ መደወል፣ «ኔትወርኩ ውስጥ የለንበትም» በሚለው ፈንታ «ከዚያ ኢንሹራንስ ጋር የሚመጡ ታካሚዎች አሉን፤ ምን ያህሉን እንደሚሸፍንልዎ ልናጣራልዎ እንችላለን» ማለት። በእርግጥ ይህ እውነት ከሆነ ብቻ ነው።

ጥሪዎችን የሚቆጥርና የሚቀዳ አገልግሎት እንድትጠቀሚ የሚመክርሽ ሰው አይጠፋም። መቁጠሩ መልካም ነው። መቅዳቱ ግን በሜሪላንድ የሁሉንም ተነጋጋሪዎች ፈቃድ ይጠይቃል፤ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ የአንዱ ወገን ፈቃድ ይበቃል። አንቺ ያለሽው ሜሪላንድ ነው። በዚያ ላይ የተቀዳው ድምፅ «ድዴ ይደማል፣ የስኳር ሕመም አለብኝ» የሚል ሰው ድምፅ ስለሆነ የታካሚ መረጃ ነው። ደዋዩ አስቀድሞ ካልተነገረውና አገልግሎት ሰጪው ኩባንያ ከክሊኒኩ ጋር የምስጢር ጥበቃ ውል ካልፈረመ አትንኪው።

ይህ ውል አንቺንም ይመለከታል። በክሊኒኩ ስም የታካሚ መረጃ የምትቀበይ፣ የምታስቀምጪ ወይም የምታስተላልፊ ከሆነ በሕጉ ዓይን የክሊኒኩ የሥራ ተባባሪ ነሽ፤ ከ2013 ወዲህ ደግሞ ተባባሪው ራሱ በቀጥታ ተጠያቂ ነው። ለምግብ ቤት የምትሠሪው «ስም፣ ስልክ፣ መልእክት» የሚል ቅጽ እዚህ ጣጣ ያመጣል፤ ሰው «መልእክት» የሚለው ሣጥን ውስጥ ሕመሙን ሁሉ ይጽፋል፣ ቅጹም ጥበቃ በሌለው ኢሜይል ወደ ክሊኒኩና ወደ አንቺ ይሄዳል። ሁለት መንገድ አለሽ። አንደኛው ቅጹን ውሉን ከሚፈርም አገልግሎት ላይ ማድረግ ነው፤ ክሊኒኩ የሚጠቀምበት የታካሚ መዝገብ ፕሮግራም፣ ዴንትሪክስም ሆነ ኢግልሶፍት ወይም ኦፕን ዴንታል፣ ከራሱ ጋር የሚሠራ የቀጠሮ ቅጽ እንዳለው መጀመሪያ ጠይቂ። ሁለተኛው ቅጹን ትቶ ትልቅ የስልክ ቁልፍ ማስቀመጥ ነው። ለትንሽ ክሊኒክ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የጉብኝት መቁጠሪያዎችንም ተጠንቀቂ፤ ጉግል ለአናሊቲክስ ይህን ውል አይፈርምም። የፌዴራሉ የጤና መሥሪያ ቤት በ2022 መጨረሻ ስለነዚህ መከታተያዎች ያወጣውን መመሪያ በከፊል የቴክሳስ ፌዴራል ፍርድ ቤት በ2024 ሽሮታል፤ ቢሆንም ታካሚ ቀጠሮ በሚይዝበትና መረጃውን በሚሞላበት ገጽ ላይ የማስታወቂያ ኩባንያ ኮድ ምንም ሥራ የለውም።

ወደ ሥራው ልብ እንግባ። የጥርስ ሐኪም የሚሸጠው የወንበር ሰዓት ነው። ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ ባዶ የዋለ ወንበር ረቡዕ ተመልሶ አይሸጥም፤ የሠራተኛው ደመወዝ፣ ኪራዩና የመሣሪያው ብድር ግን ይከፈላል። ስለዚህ «ተጨማሪ ታካሚ እንፈልጋለን» የሚለውን ቃል እንደወረደ አትቀበይ። የትኛው ወንበር ነው ባዶ? የንጽሕና ባለሙያዋ ወንበር ከሆነ፣ በየስድስት ወሩ መምጣት የነበረባቸውና የጠፉ ነባር ታካሚዎች ስም መዝገቡ ውስጥ ተቀምጧል፤ እነርሱን በስልክ መጥራት ከማንኛውም ማስታወቂያ ይረክሳል። የሐኪሟ ወንበር ከሆነ ደግሞ ምን ዓይነት ሥራ መሥራት እንደሚወዱ ጠይቂ። አንዷ ሕፃናት ትወዳለች፣ ሌላው ኢምፕላንት (መንጋጋ ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር) ለመትከል ተጨማሪ ሥልጠና ወስዷል፣ ሌላዋ ጥርስ ማውለቅ አትፈልግም። ድረ ገጹ የማይወዱትን ሥራ እየጠራ ካመጣ ያማርሩሻል፤ ትክክልም ናቸው።

የኢንሹራንስ ነገር ላይ በደንብ ተቀመጪ፤ ለዚህ ሥራ ከንድፍ ችሎታ ይልቅ የሚያስፈልግሽ ይህ ነው። ክሊኒኩ በኢንሹራንሶች ኔትወርክ ውስጥ ከሆነ በተቀነሰ ዋጋ ብዙ ሰው ያክማል፤ ከኔትወርክ ለመውጣት እያሰበ ከሆነ ደግሞ በስሙና በሥራው ጥራት የሚመጣ ሰው ይፈልጋል። ሁለቱ ፈጽሞ የተለያየ ድረ ገጽ ነው። ብዙ የጥርስ ኢንሹራንሶች በዓመት የሚሸፍኑት ጣሪያ ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላር አካባቢ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ዲሴምበር 31 ላይ ያልተጠቀሙበት ይቃጠላል። ስለዚህ በጥቅምትና በኅዳር «የቀረዎትን ሽፋን ሳያልፍብዎ ይጠቀሙ» የሚል መልእክት ለነባር ታካሚዎች መላክ ከዓመቱ ሁሉ የተሻለ ፍሬ ያለው ሥራ ነው። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች መንግሥት የሚከፍለውን የጤና ሽፋን፣ ሜዲኬይድን፣ በተመለከተም ሜሪላንድ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023፣ ቨርጂኒያ ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ለአዋቂ ተጠቃሚዎች የጥርስ ሕክምና ሽፋን ሰጥተዋል። ይህን የማያውቅ ወገናችን ዛሬም ጥርሱን ይዞ እየተሰቃየ ነው። ዶክተሯ ሜዲኬይድ የሚቀበሉ ከሆነ በገጹ አናት ላይ፣ በአማርኛም ጭምር ይጻፍ። የማይቀበሉ ከሆነም በግልጽ ይነገር፤ ሰው በሁለት አውቶቡስ መጥቶ ከበር አይመለስ።

«ጉግል ላይ አንደኛ አድርጊኝ» ለሚለው ቃል አትግቢ። ጉግል ራሱ የአንደኛነት ዋስትና የሚሰጥ ሰው እንዳታምኑ ይላል። በካርታው ላይ ማን እንደሚወጣ የሚወስኑት ፍለጋው ከንግዱ ጋር ያለው ዝምድና፣ የፈላጊው ርቀትና የንግዱ ታዋቂነት ናቸው፤ ርቀቱን ማንም አይገዛውም። ዳውንታውን ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ክሊኒክ ዊተን ላይ ቆሞ ለሚፈልግ ሰው አንደኛ ላይሆን ይችላል። ዶክተሯ ቤታቸው ሆነው ሲፈልጉ ስማቸው ወደታች ወርዶ ቢያዩት እንዳይደነግጡ ይህን አስቀድመሽ ካርታ ላይ አሳያቸው። በእጅሽ ያለውን፣ ክሊኒኩ በጉግል ካርታ ላይ ያለውን ገጽ፣ ግን አሟዪ፦ የሥራው ዓይነት በትክክል ይመረጥ፣ ስሙ በሩ ላይ እንደተጻፈው ብቻ ይሁን (ከስሙ ኋላ «ምርጥ የጥርስ ሐኪም ሲልቨር ስፕሪንግ» እያሉ መደርደር ደንብ መጣስ ነው)፣ የበዓል ሰዓቶች ይስተካከሉ፣ ከክሊኒኩ የለቀቁ ሐኪሞች ስም በዚያው አድራሻ ተንጠልጥሎ ከቀረ ይስተካከል።

አስተያየት ደግሞ ከሁሉም ታካሚ ይጠየቅ። የተደሰተውን ወደ ጉግል፣ የተከፋውን ወደ ውስጥ ቅጽ የሚመራ ዘዴ ጉግል ይከለክላል። ለአስተያየት ስጦታ ወይም ቅናሽ መስጠትም አይፈቀድም። የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን ከኦክቶበር 21 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው ደንብ ሐሰተኛ አስተያየትን፣ በገንዘብ የተገዛ ሙገሳንና የሠራተኛን ዝምድናውን የደበቀ አስተያየት በገንዘብ የሚያስቀጣ አድርጎታል። የዶክተሯ የአጎት ልጆች ከአዲስ አበባ ሆነው አምስት ኮከብ እንዲሰጡ የሚያስብ ዘመድ ካለ፣ በትሕትና አስቁሚው።

ድረ ገጹን ራሱ በሚመለከት ዋናው ነገር እውነተኛ ፎቶግራፍ ነው። የተገዛ ፎቶ ላይ የምትስቀው ነጭ ጥርስ ያላት ሴት በስንት ክሊኒክ ድረ ገጽ ላይ እንዳለች አይታወቅም። የዶክተሯን ፊት፣ የሠራተኞቹን፣ የሕንፃውን በርና የመኪና ማቆሚያውን መግቢያ አንሺ። ወደ ጥርስ ሐኪም የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ ፈርቶ ነው የሚሄደው፤ የሚገባበትን በርና የሚያገኘውን ሰው አስቀድሞ ሲያይ ይረጋጋል። ከሕክምና በፊትና በኋላ ያሉ ፎቶዎች የሚወጡት ታካሚው ለዚያ ዓላማ በጽሑፍ ሲፈቅድ ብቻ ነው፤ የወል የሕክምና ፈቃድ ቅጽ አይበቃም። ጠቅላላ ሐኪም የሆኑ ሰው «ስፔሻሊስት» ተብለው እንዳይጻፉም ተጠንቀቂ፤ በአሜሪካ ዕውቅና ያላቸው የጥርስ ሕክምና ስፔሻሊቲዎች 12 ናቸው፣ ማስታወቂያውን የየግዛቱ የጥርስ ሕክምና ቦርድ ይቆጣጠራል። «ፍጹም ሕመም የሌለው» የሚል ተስፋም ከገጹ ይጥፋ። ጽሑፉ ደካማ ዓይን ላለው ሰው የሚነበብ፣ ገጹም ያለ ማውስ የሚሠራ ይሁን፤ የ1990ው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ድረ ገጽ ላይም ክስ እያስመሠረተ ነው።

አንቺ ከሌሎች ድረ ገጽ ሠሪዎች የምትበልጪበት ግን የአማርኛው ገጽ ነው። በማሽን የተተረጎመ አማርኛ እንዳታስቀምጪ፤ በሕክምና ቃል ላይ ያሳስታል፣ አንባቢውም ወዲያው ያውቀዋል። የእንግሊዝኛውን ገጽ ከመገልበጥ ይልቅ ወገናችን በእውነት የሚጠይቀውን ጻፊ። ለምሳሌ ከአዳማ፣ ከወንጂ፣ ከመቂ፣ ከዝዋይ አካባቢ መጥተው በበለዘ ጥርስ የሚሳቀቁ ብዙ ሰዎች አሉ። አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ይስቃሉ፤ ፎቶ ሲነሡ ከንፈራቸውን ይገጥማሉ። ምክንያቱ የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ በብዙ እጥፍ ያልፋሉ። ጥርስ ከድድ ሥር ገና እየተሠራ ባለበት በልጅነት ጊዜ ፍሎራይዱ ሲበዛ ምልክቱ ለዕድሜ ልክ ይቀመጣል። ጥርስ ባለመፋቅ የመጣ አይደለም። ይህን በቀላል አማርኛ የሚያስረዳ፣ እንደ ጉዳቱ መጠን ከማንጣት አንሥቶ የላይኛውን ስስ ሽፋን እስከ መፈተግና ቬኒር (የጥርሱን ፊት የሚሸፍን ስስ ልባስ) እስከ መለጠፍ ያሉ አማራጮች እንዳሉ የሚናገር፣ ዶክተሯ ራሳቸው አንብበው ያረሙት አንድ ገጽ ከአሥር ማስታወቂያ ይበልጣል። እፍረት ያደረበት ሰው ይህን አንብቦ «ጥፋቱ የኔ አልነበረም ማለት ነው?» ብሎ ሲደውል የሥራሽን ክብር ታያለሽ።

በአማርኛው ገጽ ላይ ሰዓት ስትጽፊ በሁለቱም አቆጣጠር ይሁን፦ «ጠዋት 3 ሰዓት፣ በአሜሪካ አቆጣጠር 9:00»። እናት «3 ሰዓት» ተብላ በጠዋት ስትደርስ ቀጠሮው ከቀትር በኋላ ሆኖ ማየት የተለመደ ነው። ቀኑንም በፈረንጆቹ ወር ጽፈሽ የሳምንቱን ቀን ስም ጨምሪበት። ሌላው፣ አማርኛውን በምስል ላይ ጽፈሽ አትለጥፊ። የእኛ ሰው ይህን ይወዳል፤ ነገር ግን የምስል ጽሑፍ በስልክ ላይ አይሰፋም፣ ለዓይነ ስውራን የሚያነብ ፕሮግራምም ያልፈዋል፣ «የጥርስ ሐኪም» ብሎ በአማርኛ የሚፈልግ ሰውም ላያገኘው ይችላል። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ነጻ የፊደል ዓይነት ከገጹ ጋር ጫኚ፣ በመስመሮች መካከል ያለውን ክፍተት ከላቲኑ ትንሽ አስፊ፤ ፊደላችን ሲጨናነቅ ዓይን ይደክማል።

ክፍያውን እንደ ምግብ ቤት አታስቢው። አንድ ኢምፕላንት ከነክራውኑ (ከላይ ከሚደፋበት ሰው ሠራሽ ጥርስ ጋር) አብዛኛውን ጊዜ ከ3,000 ዶላር በላይ ያስከፍላል፤ ሥራሽ አንድ ትክክለኛ ታካሚ በወር ቢያመጣ ዋጋው የት እንደሆነ ዶክተሯ ራሳቸው ያሰሉታል። ለግንባታው አንድ ዋጋ፣ ለወርኃዊው ሥራ ሌላ ዋጋ ቁረጪ፤ በወርኃዊው ውስጥ ምን እንደሚካተት ዘርዝሪ። የጉግልና የፌስቡክ ማስታወቂያ ገንዘብ ከክሊኒኩ ካርድ በቀጥታ ይከፈል፤ በአንቺ ሒሳብ አይለፍ። «በመጣው አዲስ ታካሚ ቁጥር እንክፈልሽ» ቢሉሽ ግን እሺ አትበይ። ሜዲኬይድን የመሰለ የፌዴራል ገንዘብ ያለበት ታካሚ ላይ ለላኪ የሚከፈል ገንዘብ የፌዴራሉን የጉቦ ክልከላ ሊነካ ይችላል፤ ግዛቶችም የሐኪምን ገቢ ሐኪም ላልሆነ ሰው ማካፈልን የሚከለክሉ የየራሳቸው ደንቦች አሏቸው። ቁርጥ ያለ ወርኃዊ ክፍያ ሁለታችሁንም በሰላም ያሳድራል።

ዶሜኑ፣ ማለትም የድረ ገጹ አድራሻ፣ በማን ስም እንደተመዘገበ በመጀመሪያው ስብሰባ አጣሪ። ለብዙ ሐኪሞች በአንድ ንድፍ ድረ ገጽ የሚያከራዩ ድርጅቶች አሉ፤ ሐኪሙ ውሉን ሲያቋርጥ ዶሜኑም ጽሑፉም ከእጁ ይወጣል። የዶክተሯ ከሆነ ተመስገን፤ ካልሆነ የድሮውን ውል ከማቋረጣቸው በፊት ዶሜኑን ያስተላልፉ። አንቺም በዚያ መንገድ አትሂጂ። ዶሜኑ፣ የጉግል ገጹ ባለቤትነትና የማስታወቂያው ሒሳብ በዶክተሯ ስም ይሁን፣ አንቺ አስተዳዳሪ ሁነሽ ግቢ።

ለጥርስ ሐኪሞች ብቻ መሥራት ያዋጣል ወይ ላልሽው፣ ያዋጣል። የመጀመሪያው ክሊኒክ ላይ የተማርሽው የኢንሹራንስ ቋንቋና የሕግ ጥንቃቄ ለሁለተኛው ያገለግላል፤ ሐኪሞችም እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። ነገር ግን በአንድ ሰፈር ውስጥ ተመሳሳይ ታካሚ የሚፈልጉ ሁለት ክሊኒኮችን አንድ ላይ አትያዢ። የአንዱን ባዶ ወንበር፣ የአንዱን ዋጋ እያወቅሽ ለሌላው ማስታወቂያ ልትገዢ ነውና። ጠቅላላ ሐኪምና የጥርስ ማስተካከያ ሐኪም አንድ ሕንፃ ውስጥ ቢሆኑም አይጋጩም፤ ሁለት ጠቅላላ ሐኪሞች በአንድ ዚፕ ኮድ ይጋጫሉ። ዶክተሯ ሊያስተዋውቁሽ ያሰቧቸውን ሐኪሞች ክሊኒኮች የት የት እንደሆኑ ጠይቂያቸውና ክልሉን በማይልና በሥራ ዓይነት ወስነሽ ውሉ ውስጥ አስገቢ፤ ከመፈረምሽ በፊትም ለዶክተሯ ራሳቸው አሳያቸው።